ያልተፈታ ግዝት

ወንድሜ ጆንያ ከመሸከሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር። «የት ነው የሚወርደው?» ይላል።

ሌሎቹ ተሸካሚዎች እንዲህ አይጠይቁም። መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ፣ የጤፍ መኪና ሲገባ ሁሉም ይሻማል። እሱ አይሻማም። መጀመሪያ ጆንያውን በእጁ ይዳብሰዋል፤ አፉ በደንብ መሰፋቱን ያያል። ቀጥሎ መንገዱን ያያል፤ ጭቃ አለ ወይ፣ ጋሪ ቆሟል ወይ፣ የመጋዘኑ ደረጃ ደህና ነው ወይ። ከዚያ ይጠይቃል። መልሱን ሲያገኝ ብቻ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ይሰጣል።

ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር።

«ኧረ ጎጃሜው! ልትሸከመው ነው ወይስ ልታገባው?»

«ሽማግሌ ይላክለት!»

«ተዉት፣ ዘሩን እያጣራ ነው።»

እሱም አብሯቸው ይስቃል። «ከተሸከምኩ በኋላ ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል? ሁላችሁም ትሸሻላችሁ» ይላቸዋል።

ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው። ሌላውም ይመጣል፤ ግን ወረቀቱ ላይ አልወርድ ይለኛል። ከሞተ አምስት ወሩ ነው።

እናትና አባታችን በአንድ ክረምት በወባ ሲሞቱ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሱ ሃያ ዓመት አይሞላውም። በጭነት መኪና ላይ፣ ከእህል ጋር፣ አቅፎ አዲስ አበባ አመጣኝ። ከበረንዳው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየ። እዚያው ኖርን። ሚስት አላገባም። እኔ ግን እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማርኩ። ጋሼ ነበር የምለው።

ጋሼ ፊደል አልቆጠረም። ማታ ማታ ደብተሬን ያገላብጥና የእንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«ይሄ የፈረንጁ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

«አይገባህም እኮ።»

«ባይገባኝስ? ድምፁን ልስማው።»

አነብለታለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ስጨርስ «ጎበዝ» ይላል፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አይጠይቅም።

አሁን ስለ ግዝቱ መናገር አለብኝ።

መርካቶ ውስጥ መሐላ እንደ ሰላምታ ነው። ሸማ ተራ አንዲት ነጠላ ለመግዛት ብትቆም ሻጩ ሚካኤልንም ገብርኤልንም ማርያምንም ሳይጠራ አይለቅህም። ወደ አንዋር መስጊድ በኩል ስትወርድ ደግሞ «ወላሂ» ትሰማለህ። ግዝትም እንደዚያው ሆኗል። እኛ የሰፈር ልጆች ኳስ ስንጫወት እንኳ «በገብርኤል ገዝቼሃለሁ፣ አቀብለኝ!» እንባባላለን። ኳሷን ግን ማንም አያቀብልም። ማንም ደንታ አይሰጠውም።

ወንድሜ ባደገበት አገር ግን ግዝት ግዝት ነው። በታቦት ስም «ይህን እንዳታደርግ» ከተባልክ ታስረሃል። የገዘተህ ሰው ቃሉን እስኪያነሳና ቄስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» እስኪልህ ድረስ ያንን ነገር አታደርግም። ጋሼ እንዲህ ታስረው ሃያ ዓመት የአንድ ወንድማቸውን ደጅ ሳይረግጡ ስለሞቱ ሽማግሌ ይነግረኝ ነበር። የአገራችን ታቦት ሚካኤል ነው። ይህንንም አውቃለሁ። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

ግንቦት ውስጥ ነው። የሒሳብ ፈተና ያለብኝ ቀን ኮምፓሴን አልጋ ላይ ረስቼ ሄድኩ። ጋሼ ለቁርስ ቤት ሲመለስ አየው። ግማሹ ብቻ የወረደ መኪና ትቶ፣ ከነሥራ ልብሱ፣ ትምህርት ቤት መጣ። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ጸጉሩና ቅንድቡ በጤፍ ብናኝ ነጥቷል። ተሸካሚዎች እንደሚያደርጉት ባዶ ጆንያ አጥፎ ራሱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቷል። ግቢው መካከል ቆመና በሕፃንነቴ በሚጠራኝ የቤት ስም፣ እንደ በረንዳው ሰው፣ በሙሉ ድምፁ ጠራኝ።

ልጆቹ ዞር አሉ።

«ኧረ ወፍጮ ቤቱ በእግሩ መጣ!»

«አቧራውን አራግፉለት፣ ውስጡ ሰው ሳይኖር አይቀርም!»

«ማንን ነው የሚጠራው? አንተን ነው እንዴ?»

«የሰፈር ሰው ነው» አልኩ።

ይህን መስማት አለመስማቱን አላውቅም። ሮጬ ሄጄ እጅጌውን ይዤ ከበሩ ውጭ አወጣሁት። ኮምፓሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞታል። ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ ነው የተናገርኩት።

«በሚካኤል ገዝቼሃለሁ! ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳትደርስ። በሰው ፊት ስሜን እንዳትጠራ!»

ጋሼ እንኳ አላልኩትም።

ጆንያውን ከራሱ ላይ አወረደ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደሚያደርገው። «አስበህ ነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«አላሰብክም። አስብና መልሰው። እጠብቅሃለሁ።»

«አስቤዋለሁ አልኩህ እኮ!»

ደወል ተደወለ። ኮምፓሱን ተቀብዬው ገባሁ። ዞር ብዬ አላየሁም።

አስቤዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ከአፌ ሲወጣ ያየሁት እስከ ደወሉ ድረስ ያለውን ብቻ ነው፤ ልጆቹ ምን ይሉኛል የሚለውን። ከደወሉ በኋላ ስላለው ቀን፣ ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ሳምንት፣ ሰው ሰውን የሚፈልግበት ጊዜ ስለመኖሩ ምንም አላሰብኩም።

ያን ዕለት ሲመሽ ጋሼ አልተቆጣም። ራት አቀረበ። በልተን ከጨረስን በኋላ «እሁድ አባ ጋ አብረን እንሂድ። አንተ ቃልህን ታነሳለህ፣ እሳቸው ይፈቱኛል። ብዙ ነገር አይደለም» አለ። አባ የሁለታችንም የንስሐ አባት ናቸው።

እኔ አፍሬ ነበር። ሰው ሲያፍር ደግሞ ይደነድናል። «ፈተና ደርሷል። ከፈተና በኋላ ይሻላል» አልኩት።

«ይሁን። ከፈተና በኋላ» አለ። መሬት መሬት ሲያይ ትዝ ይለኛል። «ሸክም ሳይሆን ትከሻዬ ላይ አለ» አለ ደግሞ፤ እንደ ቀልድ።

ሰኔ ሲገባ ለፈተናው አብሬው ላጠና አብነት አካባቢ ወዳለ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ሁለት ሳምንት ልቀመጥ ተነሳሁ። ጋሼ ጋቢውን ሰጠኝ። ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀኝና «አብነት፣ አታውቀውም» ብዬው ሄድኩ። የጓደኛዬን ቤት አያውቅም። የሚያውቀው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለውን በኋላ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።

ለካ ጋሼ ቡአ ወርዶት ኖሯል። ብሽሽቱ ሥር አብጦ በጨርቅ እያሰረ ነበር የሚሸከመው። በእኛ ሰፈር ይህ በሽታ ለወንድ ማፈሪያ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ካወቁ መተረቻ ያደርጉታል። ሲብስበት በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምለት የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ደግሞ ችኩል ነው። በሴቶች መካከል፣ ጮክ ብሎ፣ ስለ ቡአው ይናገር ጀመር። ጋሼ ደነገጠ። «ገባህ?» ሲለው «ገብቶኛል» ብሎ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። አራት መስመር ብቻ።

በረንዳው ላይ ለማንም ማሳየት አልፈለገም። የሚያነብለት ሰው አለው። ለዚህ አይደል ያስተማረው?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ትቶ መጣ። ደጃፉ ጋ እንዳይደርስ ግን ግዝት አለበት። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመ። ዘበኛው አየው። ይህን ዘበኛው ራሱ ነው ያጫወተኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ፈልገህ ነው? ና ግባ» አለው።

«አልችልም፣ ታስሬያለሁ።»

ዘበኛው እጁንና እግሩን አየ። «ከወህኒ አምልጠህ ነው እንዴ?»

ጋሼ ሳቀ። «አይ፣ እንደሱ አይደለም።»

«ልጅ ካለህ ስሙን ንገረኝ፣ ልጥራልህ።»

«ስሙን እንዳልጠራ ነው የታሰርኩት። እዚሁ ሆኜ ቢያየኝ ይበቃል።»

ዘበኛው እብድ መሰለውና ተወው። ማክሰኞ ፈተናውን ቶሎ ጨርሼ ከሰዓት በፊት ወጥቼ ስለነበር አላገኘኝም።

ረቡዕም መጣ። ረቡዕ አየሁት።

ከፈተና ወጥተን ከጓደኞቼ ጋር ወደ በሩ ስንሄድ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። አሮጌ ግን የታጠበች ኮቱን ለብሷል። ጸጉሩ ላይ ብናኝ የለም። ታጥቦ ነው የመጣው። ዝናብ ያካፋል። በሩን አተኩሮ ያያል፤ እኔ ግን ከልጆቹ ጀርባ ስለነበርኩ ያየኝ አልመሰለኝም።

ምን እንዳሰብኩ እዚህ መጻፍ አለብኝ። ስለ ግዝቱ ሊለምነኝ የመጣ ነው የመሰለኝ። ፈተናዬ ሳያልቅ፣ ጓደኞቼ እያሉ። «አንድ ደቂቃ» ብዬ መንገዱን መሻገር እችል ነበር። ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን «እርሳስ ረሳሁ» ብዬ ጓደኞቼን ትቼ ተመለስኩና እንጨት የሚገባበትን የጓሮ በር ከፍቼ ወጣሁ። ቅጥሩን ተጠግቼ ቁልቁል ወረድኩ።

ይኸው ነው። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። ማንንም አልመታሁም፣ አልሰረቅሁም። በአንዱ በር ፋንታ በሌላው ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻውን ፈተና ስንፈተን አንድ ተሸካሚ ከነጆንያው የክፍሉን በር በርግዶ ገባ። እሱ ግዝት አልነበረበትም። «የጎጃሜው ወንድም የታል? ተነስ፣ ወድቋል!» አለ። መምህሩ ሊቆጣው አፉን ከፈተና ተወው።

ሆስፒታል ስደርስ ኦፕራሲዮን አድርገውት ነበር። ሐኪሙ በድሬሰሩ በኩል ጠየቀኝ። «ለምን ትናንት አልመጣም? ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። እንዴት ይሸከማል?»

ወረቀቱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አነበብኩት። ሸክም ፈጽሞ እንዳይነካ ይላል። ሐሙስ ጠዋት ለኦፕራሲዮን ይምጣ ይላል። ሕመሙ ከባሰበት ቀንም ሌሊትም ሳይል ወዲያው ይምጣ ይላል። ከሥሩ ፊርማ። ሁሉም ቃል ይገባኛል። አንድም ከባድ ቃል አልነበረውም።

ቅዳሜ ትንሽ ነቃ። ከራስጌው የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። እሱን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። ቡአውን፣ ድሬሰሩን፣ ሁሉንም ያኔ ነው የነገረኝ፤ እያረፈ፣ እያረፈ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ከመንገዱ ማዶ ነው የቆምኩት። ማዶ ደጃፍ አይባልም፣ አይደል?»

«አይባልም ጋሼ።»

«ስምህንም አልጠራሁም።»

«አልጠራህም።»

«አንተም አላየኸኝም። ሰው በዝቶ ነበር።»

አሁንም ሳላስብ መለስኩ። «አላየሁህም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን። አባን ጥራልኝ፣ ይፍቱኝ። አንተም እዚህ ስላለህ በአንዴ ያልቃል።»

ተነስቼ ሮጥኩ። አባ ለአንድ ሙት ዓመት ወደ እንጦጦ ወጥተው ነበር። ጠበቅሁ፣ ተመለስኩ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አገኘኋቸው። አብረን ሆስፒታል ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጋሼን በነጠላ ሸፍነውታል።

የሙታን ጸሎት ስሙ ፍትሐት እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ፍትሐት ማለት መፍታት መሆኑን ግን ያኔ መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ነው የሰማሁት። አባ ሲደግሙ «ፍታው» የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ሌሎቹ ስለ ኃጢአቱ ይመስላቸዋል። እኔ ስለ እኔ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከአርባው በኋላ አባ ጋ ሄጄ ስለ ግዝቱ ተናዘዝኩ።

«አባ፣ ሚካኤል ነው የቀሰፈው?»

«አይደለም! መልአኩን በዚህ አትማው። ወንድምህ በሕመም ሞተ። ሚካኤል ሰው የሚያስር ገመድ አይደለም። ስሙን ገመድ ያደረግኸው አንተ ነህ።»

አለቀስኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው የተናገረውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አባ። እስከ መጨረሻው ያደርሰው እንደሆነ አስቀድሞ ያሰላል።»

«ከማስላቱ በፊትስ ምን ያደርጋል?»

አላስታወስኩም።

«ይቀመጣል» አሉኝ። «አስቀድሞ ተቀምጦ ነው የሚለው። ሰው ያንን ቃል ዘሎት ያልፋል። ቆሞ፣ ተናዶ፣ ደወል እየተደወለ የሚያስብ ሰው ስለ አሁን ብቻ ነው የሚያስበው። ያ ንጉሥ በግብዣው ላይ ለዘፈነችው ልጅ የማለው ቆሞ ነው፣ ወይም ጠጥቶ ነው፤ እንጂ ተቀምጦ ቢሆን የዮሐንስን ራስ ይዘው ይመጣሉ ብሎ ባሰበ ነበር። በመሐላው ምክንያት ተገደድኩ አለ። መሐላው ሲወጣ ግን ያስገደደው የለም። ልጄ፣ ንስሐህ ይህ ነው። በማንም ስም አትማል፣ ማንንም አትገዝት። መልስ ከመስጠትህ በፊት ደግሞ ተቀመጥ። መቀመጫ ብታጣ በልብህ ተቀመጥ።»

ከዚያም «ሌላ የቀረህ አለ?» ሲሉኝ ወዲያው «የለም» አልኩ።

ሳልቀመጥ ነው የመለስኩት።

ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። መምህር ሲጠይቀኝ ቆይቼ ነው የምመልሰው። ልጆቹ «ሐዘን አፉን ያዘው» ይላሉ። ጠዋት በበረንዳው ሳልፍ ተሸካሚዎቹ ሰላም ይሉኛል እንጂ አይቀልዱም። ባለፈው አንዱ ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ «የት ነው የሚወርደው?» ሲል ሰማሁ። የሳቀ አልነበረም።

በዚያው ቀን፣ ከትምህርት በኋላ፣ መንገዱን ተሻግሬ ባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሱ ያየውን ማየት ፈልጌ ይሆናል። ልጆቹ በዋናው በር እየተጋፉ ይወጣሉ። ከግቢው ውስጥ ሆነህ ስታይ የጓሮው በር ለብቻው፣ ከዓይን የተሰወረ ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ ግን እንዲያ አይደለም። ቅጥሩ እዚያ ጋ ይታጠፋል። ባሕር ዛፉ ሥር ለቆመ ሰው ዋናው በርም የጓሮው በርም እኩል ይታዩታል። ቅጥሩን ተጠግቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ይታያል።

አይቶኛል።

ተደብቄ ስወጣ አይቶኛል። ስሜን ቢጠራ እሰማው ነበር፤ ድምፁ በረንዳውን ሙሉ የሚያዳርስ ሰው ነው። አልጠራም። ቅዳሜ አልጋው ላይ ሆኖ «አላየኸኝም» ሲለኝም ያውቃል። እኔ «አላየሁህም» ስለው ደግሞ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ከዛሬ ጀምሮ ቆሻሻውን በየደጁ ከምሮታል፤ ጠዋት ይለኩሰዋል፣ መርካቶ በጭስ ይሸፈናል። ከቅዳሴ በኋላ አባ ጋ እሄዳለሁ። የቀረኝ አለ እላቸዋለሁ። በየትኛው በር እንደወጣሁና አልጋው አጠገብ ምን ብዬ እንደመለስኩ እነግራቸዋለሁ። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ፤ ግን ቃሉ የት እንደሚወርድ አሁን አውቃለሁ።

አስቀድመህ ተቀመጥ ብለውኝ ነበር። አልጋው ላይ፣ ጋሼ ኮምፓሱን ባገኘበት ቦታ፣ ተቀምጬ ነው ይህን የጻፍኩት።